ስድስት ሰዓት ያዘገየኝ ብልጠት

ሐበሻ ከፈረንጅ ሰዓት ጋር በተገናኘ ቁጥር ስድስት መደመርና መቀነስ ልማዱ ነው። ዛንዚባር ላይ ይሄ ልማድ ጉድ ይሠራል። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደኛው ጎህ ሲቀድ ነው ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው። የእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እዚያም «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ነው፤ ሳ ሰዓት፣ ሞጃ አንድ፣ አሱቡሂ ጠዋት። ስዋሂሊ እስከሰማህ ድረስ መደመር የለ፣ መቀነስ የለ። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ ታናሽ እህቴን አስከትዬ የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ስቶን ታውን ገባሁ። የቢጫ ወባ ክትባት ቢጫ ካርዱን፣ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ግዴታ የሆነውን የ44 ዶላር የጉዞ መድን፣ ሁሉን አሟልቼ። የጎደለኝ ጭንቅላት ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ግን ሰዓት ሳይሆን ፒዛ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ፎሮዳኒ በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ምጣዱ ይደረደራል፣ ጭሱ ይነሳል። «የዛንዚባር ፒዛ» ከፒዛ ጋር የሚዛመደው በስም ብቻ ነው። ሊጡ እንደ ሻሽ እስኪሳሳ ይለጠጣል፤ መሀሉ ላይ የተፈጨ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ማዮኔዝና እንቁላል ይደረግና እንደ ፖስታ ታጥፎ ይጠበሳል። ፈጢራ የሚያውቅ ሰው ዘመዱን ያገኘ ይመስለዋል። ዋጋ ስጠይቅ ሻጩ «ኤልፉ ሳባ» አለኝ።

እልፍ አሥር ሺህ። ሰባ፣ ሰባ። ሰባት መቶ ሺህ ሺልንግ ለአንድ ፈጢራ!

የእህቴን ክንድ ይዤ ዞር ስል ሰውዬው ተከትሎ «ኤልፉ ሲታ! ኤልፉ ሲታ!» ይላል። ብሮቹን አውጥቶ በጣቱ እየነካ ሲቆጥርልኝ ነው የገባኝ። ለካ በእነሱ ቋንቋ ኤልፉ አንድ ሺህ፣ ሳባ ደግሞ ሰባት ነው። ድንጋጤዬን የዋጋ ክርክር መስሎት ሰባት ሺውን ስድስት ሺህ አድርጎልኛል። እንዲህ ተከራክሬ አላውቅም።

ፎሮዳኒ ለሚሄድ ሰው፣ በእንጨት የተሰካው ኦክቶፐስና ሎብስተር ጠረጴዛ ላይ ስንት ሰዓት እንደቆየ አይታወቅምና ብዙ ሰው የተሰለፈበት ዘንድ ይብላ። ዋጋውንም ከሰል ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ በአንድ እንጨት ስንት እንደሆነ ይጠይቅ። ከተጠበሰ በኋላ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

ወደ ጀልባው ልምጣ። ባሕሩ ዳር ቆመው ቱሪስት ከሚጠሩት ጀልበኞች አንዱን ይዘን ለማግስቱ ተዋዋልን። መጀመሪያ ናኩፔንዳ፣ ከዚያ የኤሊዎቹ ደሴት ቻንጉ። ናኩፔንዳ ባሕር መሀል ብቅ የምትል ነጭ የአሸዋ ቁልል ናት፤ ስሟ «እወድሃለሁ» ማለት ነው። ጀልበኛው በየዓረፍተ ነገሩ «ካካ፣ ካካ» ይለኛል። ካካ ወንድሜ ማለት ነው። እህቴ ግን ልጅ ያሳደገች ናትና የካካን ሌላ ትርጉም አስታውሳ እስክታለቅስ ሳቀች። ሰውዬው በመጨረሻ በእንግሊዝኛ «ነገ ስሪ ኦክሎክ» ብሎ እጄን ጨበጠ።

እኔም በብልጠት ቀነስኩ፣ ደመርኩ። የእንግሊዝ ሦስት የእኛ ዘጠኝ ሰዓት። በማግስቱ ጠዋቱን እስኪበቃን ተኝተን፣ ጥርብ ጥርብ በሮቹን እያየን ጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ ስንጠፋ ዋልን። (መጥፋት አያስፈራም። ስቶን ታውን ባሕር ውስጥ የገባ አፍንጫ ላይ ያለች ከተማ ናትና ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄድክ ወይ ባሕሩ፣ ወይ ዳራጃኒ ገበያ ያለበት ትልቁ መንገድ ይገጥምሃል።) ልክ በዘጠኝ ሰዓት ባሕሩ ዳር ደረስን።

ጀልበኛው ጀልባው ላይ ተጋድሟል። አጠገቡ ሲሞቅ የዋለ የተከተፈ ሐብሐብ አለ። ሲያየን ተነስቶ «ካካ! ሳ ታቱ!» ብሎ ሦስት ጣቱን ወደ ምሥራቅ ቀሰረ፣ ፀሐይ ጠዋት ወደነበረችበት። ሰውዬው ያሰበው በስዋሂሊ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትን ነው፤ ቁጥሯን ብቻ ወደ እንግሊዝኛ አዞራት። አዲስ አበባም ስንት ፈረንጅ በዚሁ ዘዴ ተገትሮ ውሏል።

ስድስት ሰዓት መዘግየት የትም ያናድዳል፣ እዚያ ግን ከዚያ ይከፋል። የሕንድ ውቅያኖስ በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል፤ ከጥግ እስከ ጥግ የሚወስድበት ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። የእኔ ስሕተትም ስድስት ሰዓት! በአራት ሰዓት ብቻ ብሳሳት ኖሮ ትንሽ አሸዋ ይተርፈኝ ነበር። ጨረቃዋም ሙሉ ነበረች። ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ ባሕሩ ከሁሉ ጊዜ አብልጦ ይሸሻል፣ አብልጦም ይሞላል፤ «ባምቩዋ» ይሉታል። ያን ሰሞን ውሃው ዝቅ የሚለው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ የሚሞላው ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። በየቀኑም ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል።

የተከፈለ ተከፍሏልና ሄድን። ክፍት ባሕር ላይ ሞተሩን አጥፍቶ በጣቱ ወደ ታች አሳየን። «ናኩፔንዳ።» ወረድኩ። ውሃው ደረቴ ድረስ ነው። ሐብሐቤን ከፍ አድርጌ ይዤ «እወድሃለሁ» ላይ ቆሜ የተነሳሁትን ፎቶ እህቴ ለዘመድ አዝማድ ልካለታለች።

ቻንጉ ላይ ያሉት ኤሊዎች የሰዓት ጉዳይ አያውቃቸውም። የመጀመሪያዎቹ በ1919 ከሲሼልስ በስጦታ የመጡ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል፣ መቶ ያለፉም አሉ። አንገታቸውን ስታክላቸው ይመዘዛሉ፤ መቀመጥ ግን አይፈቀድም።

በሦስተኛው ቀን ተምሬያለሁ ብዬ በዳላዳላ (የእነሱ ሚኒባስ ታክሲ) በምሥራቁ ባሕር ዳር ወዳለችው መንደር ፓጄ ወጣን። ሰዓቱን በስዋሂሊ ጠይቄ፣ በስዋሂሊ ሰምቼ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ዋና ልብሴን ለብሼ ባሕሩ ዳር ቆምኩ። ባሕሩ የለም! ናኩፔንዳን ለማየት የሚመኙት ሰዓት ፓጄ ላይ ለዋና የማይሆነው ሰዓት ነው። ውሃው ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነጭ መስመር ሆኗል፤ ሴቶች እንጨት ተክለው በገመድ ያሰሩትን የባሕር ሣር ይለቅማሉ። በነጠላ ጫማ ልከተለው ሄድኩ። ድንጋዩ ሥር ጃርት የሚመስል ጥቁር የባሕር እሾህ አለ፤ ነጠላ ጫማ አንሸራተተኝና ተረከዜን አገኘው። ኮንጎ ጫማ ያላችሁ ሻንጣችሁ ውስጥ ክተቱ፣ አትፈሩ። እሾሁ ይሰባበራልና በጥፍር አትጎርጉሩት፤ እግርን ሳያቃጥል በሚቻል ሙቅ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ ሕመሙን ያበርደዋል። ሲመለስም ውሃው ከኋላ ነው የሚከብህ፣ ዳር ያለው ጎድጓዳ ቀድሞ ይሞላልና። ስልኬን አናቴ ላይ አድርጌ፣ በአንድ እግሬ እያነከስኩ ወጣሁ።

በመጨረሻው ቀን የአየር ማረፊያ ታክሲ ቀጠርን። ስምንት ሰዓት ላይ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ የነበረችው እህቴ ሾፌሩን በስልክ ደውላ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠየቀችው። «ሳ ኩሚ» አላት። አሥር ሰዓት ማለቱ ነው።

ብድግ አለች።

«ምን ሆነሽ? ገና ሁለት ሰዓት አለን፣ ተቀመጪ እንጂ።»

«ቁሚ አለኝ እኮ፣» አለች። «ከአንተ ሂሳብ የሱን ትእዛዝ አምናለሁ።»