ምሽት ላይ የተጫኑት ቲሸርቶች ለምን ተላጡ?

ልጅቷ ቲሸርቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ዝም አለች። ደረቱ ላይ የወንድሟ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ ስሙ ተጽፏል። የፎቶው የግራ የላይኛው ጥግ ተነሥቶ ተጠቅልሏል፤ በጣቷ ስትነካው እንደ ደረቀ ሙጫ ተላጠ። «እህቴ፣ የታጠበው እኮ አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለችኝ። «እናቴ ስታየው አለቀሰች።»

ለሟቹ አርባ የታዘዙ 40 ቲሸርቶች ነበሩ። እንዲህ ያለ ሥራ ስቀበል ዋጋውንም ጥራቱንም ከሌላው ለይቼ ነው የማየው፤ ሰው የሚያዝንበት ልብስ ነውና። የተላጠውን ይዛ የመጣችው ልጅ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። የተበላሹትን ሁሉ ሰብስባ እንድታመጣልኝ ጠየቅኋት። 11 ሆኑ።

የምሠራው ቤቴ ውስጥ ነው፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ አንዲት ክፍል። ያለኝ ማሽን 38 በ38 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 1,800 ዋት የሚፈልግ ሂት ፕሬስ ነው፤ ምስልን በሙቀትና በጫና ጨርቅ ላይ የሚያጣብቅ ማሽን። ሥዕሉን በኮምፒውተር አዘጋጅቼ ዲቲኤፍ (ወደ ጨርቅ የሚሸጋገር የፕላስቲክ ፊልም ኅትመት) ለሚያትም ሰው እልካለሁ፤ እሱ ፊልም ላይ አትሞ፣ ከጀርባው የሙጫ ዱቄት ነስንሶ አቅልጦ ይሰጠኛል። እኔ ፊልሙን ቲሸርቱ ላይ አስቀምጬ በ155 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ እጫነዋለሁ። ሲበርድ ፊልሙን ልጬ አነሣና ቴፍሎን (ሙቀት የሚችል፣ የማይጣበቅ ሽፋን) አልብሼ ለ10 ሰከንድ እደግመዋለሁ። ሙጫው ቀልጦ በጥጡ ክር መካከል መግባት አለበት፤ ላዩ ላይ ብቻ ከቀረ አንድ እጥበት ይበቃዋል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፊልሙን ነበር። መርካቶ ሄጄ ፊልሙን ያተመልኝን ሰው በደንበኞቹ ፊት ተናገርኩት። «የኔ እህት፣ ከዚሁ ጥቅል ብዙ ሰው ወስዷል፤ የተመለሰልኝ የለም» አለኝ። አላመንኩትም። በማግስቱ ከሌላ ቦታ ፊልም አሳትሜ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ አንድ ቲሸርት ሠርቼ አጠብኩት፤ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የሰውየው ነው ብዬ ደመደምኩ። በሁለተኛው ቀን ምሽት በዚያው በአዲሱ ፊልም አምስት ቲሸርት ሠራሁ። ሁለቱ በዚያው በግራ ጥጋቸው ተላጡ።

ስህተቴ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ቀይሬ ነበር፤ ፊልሙንም፣ የሠራሁበትን ሰዓትም። ፈውሱን ለፊልሙ ሰጠሁት እንጂ ሰዓቱን አላሰብኩትም።

ከዚያ በኋላ ሥራ መቀበል አቁሜ ቁጭ አልኩ። ተርፎ የቆየ ፊልም እንደ ቴምብር ቆራረጥኩና አሮጌ ነጭ ካናቴራ ላይ አንድ በአንድ መጫን ጀመርኩ። ከእያንዳንዱ ሥር በእስክሪብቶ ዲግሪውን፣ ሰከንዱንና ሰዓቱን ጻፍኩ። አንድ ቀን አሳድሬ አጠብኳቸው፤ ሲደርቁ ጨርቁን ለጠጥኩ፣ ጠርዛቸውን በጥፍሬ ፋቅኩ። አንዱን ስቀይር ሌላውን እንዳልነካ ራሴን አስገደድኩ።

አስራ አንዱን የተላጡ ቲሸርቶችም ደግሜ አየኋቸው። አብዛኞቹ ትልልቅ ቁጥር ነበሩ። ጨርቁ ይለይ ይሆን ብዬ የአንገታቸውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ ሁሉም ያው መቶ በመቶ ጥጥ፣ ከአንድ ካርቶን የወጡ ናቸው። ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የዚያን ቀን የጀመርኩት ከትንሹ ቁጥር ነበር፤ ትልልቆቹ ጋ የደረስኩት ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው።

ምሽት ላይ ምን ይለወጣል? አንድ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ ጎረቤቴ ቴስተሩን ይዞ መጣ። ረፋድ ላይ ሶኬቱ 221 ቮልት አሳየ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ስንለካው 184። «ሕንፃው በሙሉ ምጣድ ጥዶ ነዋ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዚያ ሰዓት ደረጃውን የሚወጣ ሰው ከየበሩ የእንጀራ ሽታ ይቀበለዋል። ቮልቴጅ ሲቀንስ የማሞቂያው ኃይል የሚቀንሰው በዚያው ልክ ሳይሆን በካሬው ነው። በ220 ቮልት 1,800 ዋት የሚሰጥ ማሽን በ184 ቮልት 1,260 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ ሲሶው ያህል ጠፋ ማለት ነው።

ማሽኑ ግን ይሞቃል፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ቆይቶ ቆይቶ 155 ይደርሳል። ችግሩ ያለው ከአንዱ ቲሸርት ወደ ሌላው ስንሸጋገር ነው። ቀዝቃዛ ጨርቅ ሙቀቱን ይጠጣዋል፤ ቀን ላይ በጥቂት ሰከንድ የሚመለሰው ሙቀት ምሽት ላይ ይዘገያል። እኔ ደግሞ ትእዛዙ ለጠዋት ስለሚፈለግ የሙቀቱን ቁጥር ሳላይ እያከታተልኩ እጭን ነበር። ሆን ብዬ በዚያው ፍጥነት ሠርቼ ማሳያውን ስከታተል በስድስተኛው ቲሸርት 139 ላይ ነበር። ያም ቢሆን አነፍናፊው የተተከለበት የመካከሉ ሙቀት ነው፤ ጠርዙ ከዚያም ይበርዳል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ለምንድን ነው ሁልጊዜ የግራው የላይኛው ጥግ? ለዚህ የጠቀመኝ ምንም የማያስወጣ ዘዴ ነው። ማሽኑን ሳላሞቅ አራት ቁራጭ ወረቀት በአራቱም ጥግ አድርጌ ዘጋሁት፤ ከዚያ አንድ በአንድ ሳብኳቸው። ሦስቱ ሊቀደዱ ደረሱ እንጂ አልወጡም። ከኋላ በግራ በኩል ያለው እንደ ቅቤ ተንሸራትቶ መጣ። ከሥር ያለው የሲሊኮን ምንጣፍ በዚያ ጥግ ተጨፍልቆ ሳስቶ ኖሯል። ቲሸርቱን የማስገባው አንገቱን ወደ ኋላ አድርጌ ስለሆነ፣ ያ ጥግ የሚያርፈው በፎቶው የግራ ትከሻ ላይ ነው።

ሁለት ጉድለቶች እርስ በርስ ሲሸፋፈኑ ነበር ማለት ነው። ቀን ላይ ሙቀቱ ስለሚበቃ የጫናውን መላላት ይሸከመዋል፤ ምሽት ሙቀቱ ሲጎድል ደካማው ጥግ ይጋለጣል። ምንጣፉን ብቻ ቀይሬ ቢሆን፣ ወይም ሰዓቱን ብቻ፣ ግማሽ መልስ ይዤ እቀመጥ ነበር።

ምንጣፉን ቀየርኩት። ቀጭኑን ኤክስቴንሽን ጥዬ ማሽኑን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ ከ8 አምፔር በላይ የሚስብ ዕቃ በቀጭን ሽቦ ላይ ቮልት ይጥላል፣ ሽቦውም ይግላል፤ እሳትም ያስነሣል። ከመጀመሪያው ቲሸርት በፊት ማሽኑን ባዶውን ዘግቼ የታችኛውን ጠረጴዛም አሞቀዋለሁ። በየቲሸርቱ መካከል ቁጥሩ 155 እስኪመለስ እጠብቃለሁ፤ ከተመለሰም በኋላ ሙቀቱ ጠርዙ ጋ እንዲደርስ ጥቂት እቆያለሁ።

በዚያው የፍተሻ ሳምንት ሌሎች የቆዩ ጥያቄዎቼም መልስ አገኙ። ሐምሌ ውስጥ የሠራኋቸው አንዳንዶቹ ለምን ትናንሽ ፊኛ አወጡ? ጥጥ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በክረምት ደግሞ ይበልጥ። ሲጫን እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ሙጫውን ያነሣዋል። አሁን ፊልሙን ከማስቀመጤ በፊት ባዶውን ቲሸርት ለ8 ሰከንድ እጫነዋለሁ፤ ክረምት ላይ ማሽኑን ስከፍት እንፋሎቱ በዓይን ይታያል። ቁልፍ፣ ኮሌታ ወይም ወፍራም ስፌት ያለበት ልብስ ከሆነ ደግሞ ማተሚያው ቦታ ብቻ ከፍ እንዲል ከውስጥ ስፖንጅ አስገባለሁ፤ አለዚያ ስፌቱ የላዩን ብረት ደግፎ ይይዘዋል።

የሠፈር ልጆች ቀይ ማሊያ ላይ ያተምኩት ነጭ ቁጥር በማግስቱ ሮዝ ሆኖ ያደረውም በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው። ማሊያው ፖሊስተር ነበር። ፖሊስተር የተነከረበት ቀለም ሙቀት ሲበዛበት ወደ ጋዝነት ተለውጦ ወደ ላይኛው ንጣፍ ይገባል። ለእንዲህ ያለው አሁን በ130 ዲግሪ የሚይዝና ከሥሩ ቀለም የሚያግድ ጥቁር ንጣፍ ያለው ፊልም ነው የማዝዘው።

የእኛ ፊደል የራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለአንድ ሕፃን ልደት «አቤል» የሚል ስም በቪኒል (ጀርባው ሙጫ ባለው ቀጭን የፕላስቲክ ንጣፍ) ቆርጬ ነበር። ከእጥበት በኋላ የ«ቤ» ቀለበት ወደቀችና የልጁ ስም «አበል» ሆነ። የላቲን ፊደል ጠርዙ ቢጎዳም ብዙ ጊዜ ይነበባል፤ የእኛ ግን አንዲት ቀለበት ወይም አንዲት እግር ስትጎድል ሌላ ቃል ይወጣል። ስለዚህ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ጽሑፍ በቪኒል አልቆርጥም፤ ትንሽ ጽሑፍ በዲቲኤፍ ይሁን፣ ወፍራም የፊደል ቅርጽ ይመረጥ እላለሁ። ወረንጦ ይዤ የ«ወ»ንና የ«ዐ»ን ቀዳዳ ስለቅም ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በጣቴ ጫን ጫን አደርጋለሁ።

መርካቶ ተመልሼ ሄድኩ። ሰውየውን የዘለፍኩት በሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውንም በሰው ፊት ጠየቅኩት፤ ስለ ቮልቴጁና ስለ ጥጉ ነገርኩት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና የወረቀቱ ሙከራ እንዴት እንደሚደረግ እንዳሳየው ጠየቀኝ። ከሱቁ ማሽን ላይ አሳየሁት፤ የእሱም አንድ ጥግ ላላ ያለ ነበር።

ለቤተሰቡ አስራ አንዱን ብቻ አይደለም፣ አርባውንም እንደ አዲስ ሠራሁ። ዛሬ ያልተላጠው ነገ አይላጥም ማለት አልቻልኩም። ከእያንዳንዱ ጋር ትንሽ ወረቀት አስቀመጥኩ፦ ከ24 ሰዓት በፊት እንዳይታጠብ፣ ተገልብጦ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፣ ምስሉ ላይ ካውያ እንዳያርፍ። እናትየዋ ራሳቸው መጥተው ወሰዷቸው። አንዱን አውጥተው የልጃቸውን ፊት በመዳፋቸው ዳበሱና ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ይዟል» አሉኝ።

ከሶኬቱ አጠገብ አንዲት ትንሽ የቮልት መለኪያ ሰክቻለሁ። ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ 188 ታሳይ ነበር፤ ከታችኛው ፎቅ የእንጀራ ሽታ ይመጣል። ለዛሬ ጠዋት የሚፈለጉ ሰባት ቲሸርቶች ነበሩኝ። ማሽኑን አጥፍቼ ወረንጦዬን አነሣሁና ለሌላ ትእዛዝ የተቆረጡትን ፊደላት መልቀም ጀመርኩ። ሰባቱን ዛሬ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ጨረስኳቸው።