ፎቶው ገብቷል፣ ግን አይታይም

ጥር 13 ቀን 2018፣ ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። አርታኢያችን ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ፎቶው ገብቷል ይለኛል፤ ግን አይታይም። ሦስቴ ሞከርኩት። ኔትወርኩ ነው እንዴ?»

«አይደለም ጋሼ፤ እኔ ማታ የነካሁት ነገር ነው። እባክዎ ምንም አይጨምሩ፣ መጣሁ።»

የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ትንሽ የባህል መጽሔት ቢሮ ነው። ድረ ገጻችን የተሠራው በጃንጎ ነው፤ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ማክሰኞ ማታ ከጃንጎ 4.2 ወደ 5.2 አሻሽዬው ነበር። የ4.2 ድጋፍ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2026 ስለሚያበቃ ሥራው ግድ ነበር። ቀኑን ግን ክፉኛ ነው የመረጥኩት። ጋሼ የጥምቀትን ዘገባ እያዘጋጁ ነበር። ፎቶዎቹ ከጃንሜዳ ናቸው፤ ታቦታቱ በከተራ ሲወርዱ፣ በማግስቱ ጸበሉ ሲረጭ። የጥምቀት ዘገባ ሳምንት ካለፈው ማን ያነበዋል?

ቢሮ ደርሼ ገጹን ስከፍት ግራ ገባኝ። ግማሹ ይታያል፣ ግማሹ አይታይም። የድሮ ጽሑፎች የሽፋን ፎቷቸው ጠፍቷል፤ በጽሑፉ መሃል የገቡት ግን ቁልጭ ብለው አሉ። የዚያን ዕለት ጠዋት የገቡት ደግሞ ሽፋኑም መሃሉም የለም። ጃንጎ ስህተት በሚመዘግብበት ሎግ ላይ አንድም ነገር የለም።

ከጠፉት ፎቶዎች አንዱን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኜ አድራሻውን አየሁ። «ሚዲያ» ከሚለው ፎልደር ይጀምራል፤ የራሳችን ሰርቨር ማለት ነው። የኛ ፎቶዎች የሚቀመጡት ግን ክላውድ ላይ፣ በኢንተርኔት በምንደርስበት የሌላ ድርጅት ማከማቻ ነው። አድራሻቸውም በዚያ ማከማቻ ስም መጀመር ነበረበት።

ነገሩ እዚህ ላይ ተገለጠልኝ። ድሮ ጃንጎ ፎቶ የት እንደሚያስቀምጥ የሚነገረው ዲፎልት ፋይል ስቶሬጅ በሚባል ሴቲንግ ነበር። በ4.2 ስቶሬጅስ የሚባል አዲስ ሴቲንግ መጣ። በ5.1 አሮጌው ጭራሽ ተወገደ። ሲወገድ ግን አይጮህም። መስመሩ ሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፤ ጃንጎ ዞር ብሎም አያየው። ሌላ ካልተነገረው ደግሞ ፋይሉን እዚያው ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ይጽፋል። ላፕቶፔ ላይ ስሞክረው ምንም ያልታየኝ ለዚህ ነው። እዚያ ድሮም የምጠቀመው ዲስክ ነው።

መፍትሔው አምስት መስመር ነው። ጽፌ ጨረስኩና ወደ ሰርቨሩ ልልከው ስል እጄ ቆመ። ጋሼ «ገብቷል ይለኛል» ብለውኛል። ገብቶ ከሆነ የት ነው ያለው?

ኮንቴይነሩ ውስጥ ነው፤ ድረ ገጹ ሰርቨሩ ላይ ታሽጎ የሚሠራበት ሳጥን በሉት። አዲስ ኮድ በላክሁ ቁጥር ደግሞ አሮጌው ኮንቴይነር ከነዲስኩ ተጥሎ በአዲስ ይተካል። ፎቶ አንሺያችን ካርዱን አጥፍቶ ለሌላ ሥራ ወጥቷል። ያን ጊዜ ቁልፉን ተጭኜው ቢሆን የጃንሜዳው ፎቶ በሙሉ አብሮ ይሄድ ነበር። አሁንም ሳስበው ሆዴ ይላወሳል።

መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ላፕቶፔ ቀዳሁ። ፎልደሩን ስከፍት ጋሼ የሞከሩት ሁሉ አለ። አንዱ ፎቶ ሦስት ቦታ ተቀምጧል። ጃንጎ ተመሳሳይ ስም ሲያገኝ ከኋላው ሰባት የዘፈቀደ ፊደልና ቁጥር ስለሚቀጥል አንዱም በሌላው ላይ አልተጻፈም። አንድ በአንድ አይቼ ለየሁና ወደ ክላውዱ ሰቀልኳቸው።

ከዚያ አዲሱን ሴቲንግ ላክሁ። አንድ ጊዜ ወደቀ፤ ስቶሬጅስ ውስጥ የሚዲያውን ብቻ ጽፌ የስታቲክ ፋይሎቹን፣ ማለትም የገጹን መልክ የሚሠሩትን፣ ረስቼ ነበር። ይሄኛው ቢያንስ ይጮሃል። ሁለቱንም ስጽፍ የሽፋን ፎቶዎቹ በሙሉ ተመለሱ። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው የፋይሉ ስም ብቻ ስለሆነ አድራሻው ገጹ ሲከፈት ነው የሚሠራው።

በጽሑፍ መሃል የገቡት ግን እንደዚያ አይደሉም። ኤዲተሩ ፎቶውን ሲያስገባ ሙሉ አድራሻውን ከጽሑፉ ጋር ነው የሚያስቀምጠው። የድሮዎቹ ያልጠፉት፣ የጠዋቶቹ ደግሞ ሴቲንጉ ተስተካክሎም ያልተመለሱት ለዚህ ነው። የተሳሳተው አድራሻ ጽሑፉ ላይ ታትሟል። ትንሽ ስክሪፕት ጽፌ እያንዳንዱን የተሳሳተ አድራሻ ማከማቻው በሚሰጠኝ አድራሻ ቀየርኩ። ሁሉም ታየ። ለጋሼ «አልቋል» ብያቸው በያይነቱ ልበላ ወጣሁ።

ከምሳ ስመለስ ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል። «ልጄ፣ ደግሞ ጠፋ።»

አሁን ስህተቱ 403 ሆኗል። ፋይሉ አለ፣ ግን አትገባም እየተባልኩ ነው። አድራሻውን ሳየው ረጅም ጭራ አለው፤ ፊርማ ነው። የክላውድ ማከማቻው ላይብረሪ ካልከለከልነው በቀር ለእያንዳንዱ አድራሻ ጊዜያዊ ፊርማ ይሰጣል። ዕድሜው 3600 ሴኮንድ ነው፤ አንድ ሰዓት። ድሮ ይህን የሚከለክል ክላስ የሚባል የራሳችን ትንሽ የኮድ ቁራጭ ነበረን። አዲሱን ሴቲንግ ስጽፍ ከሰነዱ ላይ ያለውን ስም እንዳለ ቀዳሁና የራሳችንን ተውኩት። የሽፋኖቹ ፊርማ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ይታደሳል። ጽሑፍ ውስጥ ያተምኩት ግን ምሳ እየበላሁ ሞተ።

የራሳችንን ክላስ መለስኩ፤ ፊርማው ቀረ። ስክሪፕቱን ግን መልሼ አላሮጥኩትም። አድራሻ ጽሑፍ ውስጥ እስከታተመ ድረስ ማከማቻ በቀየርን ቁጥር ይህ ቀን ይደገማል። ስለዚህ ኤዲተሩ ከአድራሻው ይልቅ የፎቶውን መለያ ቁጥር ብቻ እንዲያስቀምጥ አደረግኩ። ትክክለኛው አድራሻ ገጹ ሲከፈት ይተካል። ከሰዓቱን በሙሉ የፈጀብኝ ይሄ ነው፤ ግን ከዚያን ቀን ሥራዬ የምወደው ይህን ነው። የቀሩትን የድሮ ጽሑፎች በየማታው ጥቂት ጥቂት እየቀየርኩ ነው።

ማስጠንቀቂያው ድሮም ነበረ። 4.2 ላይ እያለሁ ፓይተንን «ደብሊው ኤ» በሚለው ምልክት ባስነሳው ኖሮ፣ ሴቲንጉ ሊወገድ እንደሆነ በግልጽ ይነግረኝ ነበር። ያለ ምልክቱ ይደበቃል። አሁን ከማሻሻያ በፊት ኮዱን የሚፈትሹ ቴስቶቻችንን በዚያ ምልክት ነው የማስኬደው። ኮድ ከመላኬ በፊት ደግሞ ሰርቨሩ የሚጠቀመውን የማከማቻ ክላስ ስም አሳትሜ በዓይኔ አያለሁ። አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው።

የጥምቀቱ ዘገባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ወጣ። ጋሼ ጃኬታቸውን ለብሰው «በል እንግዲህ፣ እንሂድ» አሉኝ።

«ይቅደሙ ጋሼ» አልኳቸው። 2 ሰዓት ከሩብ እስኪሆን ጠብቄ ገጹን እንደገና ከፈትኩት። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ጸበሉ አየር ላይ ተበትኗል፤ ከሥሩ አንዲት ልጅ ዓይኗን ጨፍናለች። እስከ መጨረሻው ፎቶ ወርጄ አየሁና መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።