ሳሙና የሚበላሸው አመዱ ላይ ነው

ሳሙና ከሱቅ መግዛት ከመለመዱ በፊት በብዙ የገጠር መንደሮች ልብስና ዕቃ የሚታጠበው ቤት ውስጥ በተሠራ ሳሙና ነበር። የሚያስፈልገውም ከምድጃ የሚዛቅ አመድና ከታረደ ከብት የሚወጣ ሞራ ነው። ይህን ሙያ የሚያስረዱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በማፍላቱና በማማሰሉ ላይ ነው። ዋናው ሥራ ግን ድስቱ ከመጣዱ በፊት ያልቃል። ቀኑን ሙሉ ፈልቶ አልይዝ ያለ ሳሙና ሲያጋጥም፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የአመዱ ውሃ፣ ማለትም በአመድ ውስጥ አልፎ የወጣው ውሃ፣ ነው።

አመድ ሁሉ እኩል አይደለም። ጥቅጥቅ ካለና ቀስ ብሎ ከሚነድ ጠንካራ እንጨት የሚገኘው አመድ ይመረጣል፤ የጥድ ዓይነት ለስላሳና ሙጫማ እንጨት የሚሰጠው ደካማ ነው። በደንብ ነዶ የነጣው ይያዛል፣ ከሰል የበዛበት በወንፊት ይነፋል። ዝናብ የነካው አመድ ግን ለሳሙና አይሆንም፤ የሚፈለገው ጨው በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ዝናቡ አስቀድሞ አጥቦ ወስዶታል። ስለዚህ አመድ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ደረቅ ቦታ ይጠራቀማል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከአመድ በታች የተዳፈነ ፍም ለቀናት ሳይጠፋ ይቆያል። ትኩስ አመድ በእንጨት ዕቃ አድርጎ ግድግዳ ሥር ማኖር ቤት ያቃጥላል። መጀመሪያ በሸክላ ወይም በብረት ዕቃ ከቤት ራቅ ብሎ ይቀዝቅዝ፤ ወደ በርሜል የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ሒሳቡን ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ኪሎ የከብት ሞራ ሙሉ በሙሉ ወደ ሳሙና ለመቀየር 195 ግራም ገደማ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም ሞራን ወደ ሳሙና የሚቀይረው ብርቱ ነገር፣ ይፈልጋል። ይህን ለማግኘት 240 ግራም ያህል ፖታሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ከአመድ የሚወጣው ጨው፣ ያስፈልጋል። ከጥሩ አመድ ክብደት ከመቶ አምስት እጅ ያህሉ ይህ ጨው ቢሆን፣ ለአንድ ኪሎ ሞራ አምስት ኪሎ ገደማ አመድ ይገባል ማለት ነው። ደረቅ እንጨት ሲነድ የሚተወው አመድ ደግሞ ከክብደቱ ከመቶ አንድ እጅ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። አምስት ኪሎ አመድ ማለት እንግዲህ ቢያንስ 500 ኪሎ እንጨት ነው። አመድ ለወራት ሲጠራቀም የሚከርመው፣ ሳሙናም በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። አመድ ይሸጥም ይለወጥም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1790 በአሜሪካ የተሰጠው የመጀመሪያው የፈጠራ መብት ከአመድ ይህን ጨው ለማውጣት ስለተሻሻለ ዘዴ ነበር።

ማጣሪያው ከታች ቀዳዳ ያለው የእንጨት በርሜል ነው። ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ትንሽ ዘመም ተደርጎ ይቀመጣል። ከሥር ጠጠር፣ በላዩ ጭራሮ፣ በላዩ ደግሞ አንድ ስንዝር ያህል ጭድ ይነጠፋል፤ ካልተነጠፈ አመዱ ቀዳዳውን ይደፍነዋል ወይም ከውሃው ጋር አብሮ ይወርዳል። ከዚያ አመዱ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ፣ እየረጠበና ጠቅ ጠቅ እየተደረገ ይሞላል። ላላ ብሎ ከተሞላ ውሃው አንድ መንገድ ይቀድና በዚያው ብቻ ይወርዳል፣ የቀረው አመድ ሳይነካ ይቀራል። መሀሉ ጎድጎድ ተደርጎ የዝናብ ውሃ ቀስ እየተባለ ይፈስበታል። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስላለበት ኋላ ሳሙናውን ያባክናል። አንድ ሌሊት ከራሰ በኋላ ቀዳዳው ሲከፈት፣ የወፈረ ሻይ የመሰለ ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። የመጀመሪያው ጠብታ ብርቱ ነው፤ እየቆየ ይቀጥናል። ቀጭኑ አይደፋም፣ ለሚቀጥለው አመድ ማራሻ ይሆናል። የሚቀበለው ዕቃ እንጨት፣ ሸክላ ወይም ብረት ይሁን። አሉሚኒየምና ዚንክ የተቀባ ዕቃ ፈጽሞ አይሆኑም፤ ውሃው ይበላቸዋል፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ይወጣል።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይመጣል። ከአመድ የወጣው ውሃ በአብዛኛው ካርቦኔት ነው፤ ካርቦኔት ደግሞ ሞራን በደንብ አይቀይርም። ወደ ሃይድሮክሳይድ ተቀይሮ እንዲበረታ ኖራ ይፈልጋል። ለ240 ግራም ካርቦኔት 100 ግራም ገደማ ከኖራ ማቃጠያ ምድጃ የወጣ፣ ውሃ ያልነካው ኖራ ይበቃል፤ ሁሉም ኖራ ንጹሕ ስላልሆነ ትንሽ ቢጨመርበት አይጎዳም። መጀመሪያ ኖራው ለብቻው በውሃ ይረጥባል፣ ሲረጥብም እስኪፈላ ይግላል፤ ስለዚህ ኖራው ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል እንጂ ውሃ ኖራው ላይ አይገለበጥም። እንደ ወተት ሲሆን በፈላው የአመድ ውሃ ላይ ተጨምሮ ይማሰላል፣ ከዚያም ነጩ አተላ እስኪዘቅጥ ይቀመጣል። ከላይ የጠራው ብቻ ይቀዳል። በቂ መሆኑን ለማወቅ ከጠራው ጥቂት ወስዶ ብዙ ኮምጣጤ መጨመር ነው፤ ከተንቸከቸከ ካርቦኔት ቀርቶበታል፣ ኖራ ይጨመር። ይህ ሁሉ ውሃው ገና ቀጭን ሳለ ይደረግ። ከወፈረ በኋላ የተጨመረ ኖራ ሥራውን በግማሽ ይተወዋል፤ ብዙ ኖራ ከንቱ የሚቀረው በዚህ ስሕተት ነው።

ብርታቱ የሚለካው በእንቁላል ነው። እንቁላሉ ተንሳፍፎ አናቱ የሳንቲም ያህል ከውሃው በላይ ከታየ ደርሷል። ከሰጠመ ውሃው በእሳት ይቀነስ፣ በጎኑ ከተጋደመ ደግሞ ውሃ ይጨመርበት። እንቁላሉ የግድ ትኩስ ይሁን፤ የቆየ እንቁላል ውስጡ አየር ስላለው በደካማ ውሃም ይንሳፈፋል። ሌላው መፈተኛ የዶሮ ላባ ነው፤ ብርቱ ውሃ ውስጥ ሲነከር ጭገሩ እየሟሟ አንጓው ብቻ ይቀራል። ላባን የሚያሟሟ ቆዳንም ዓይንንም እንደሚበላ አይረሳ። እጅ ላይ ሲያርፍ የሚያንሸራትተው ቆዳውን መብላት ስለጀመረ ነው። ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ዓይን ከገባ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያለማቋረጥ ታጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ስለ ሞራው አጭር ነው። ይከተፋል፣ ከእኩል ውሃ ጋር ይቀልጣል፣ ይጠለላል፣ ይቀዘቅዛል፤ የረጋው ተነሥቶ ከሥሩ የተጣበቀው እድፍ ይፋቃል። የሥጋ ቁራጭና ደም የቀረበት ይገማል። የምግብ ጨው የነካው ሞራ ግን ከዚህ ይብሳል፣ ጨው ሳሙናውን ከውሃው ስለሚለየው ድስቱ አልያያዝ ይላል። በጨው የከረመ ሞራ ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይፍላ።

ድስቱ ከግማሽ በላይ አይሞላ፣ አረፋው ይገነፍላል። ሞራው ከቀለጠ በኋላ መጀመሪያ ቀጠን ያለ የአመድ ውሃ ይጨመራል፤ ብርቱው በአንድ ጊዜ ከፈሰሰ ከሞራው ጋር አይዋሐድም። ወተት መስሎ ሲያያዝ ብርቱው በጭልፋ በጭልፋ ይከተላል። ለሰዓታት በመካከለኛ እሳት እየተማሰለ ይፍላ። አረፋው ሲወርድና ሳሙናው ከማማሰያው ላይ እየተሳበ ሲወርድ፣ ጥቂት ተወስዶ በሞቀ የዝናብ ውሃ ይሟሟ። ጠርቶ ከሟሟ ደርሷል። ከላይ የቅባት ዓይን ከተንሳፈፈ የአመድ ውሃ ጎድሎታል። ምላስ ላይ አስነክቶ መቅመስ የድሮ ልማድ ነው፣ ግን ያቃጥላልና አልመክረውም።

የሚወጣው እንደ ሙቅ የሚዝለገለግ፣ ቡናማ፣ ለስላሳ ሳሙና ነው። የፖታሲየም ሳሙና ባሕርዩ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም፤ ለልብስና ለወለል በጭልፋ እየተጨለፈ ያገለግላል። ማጠንከር የፈለገ ጨው ይጨምራል፣ ለአንድ ኪሎ ሞራ ቢያንስ 200 ግራም፣ ሳሙናው ተለይቶ ወደ ላይ እስኪወጣ ደግሞ ከዚያም በላይ። የረጋው ከሥሩ ካለው ጥቁር ውሃ ላይ ተነሥቶ፣ ተቆርጦ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይደርቃል። ጨው ውድ በነበረበት ዘመን ይህን ያህል ጨው ሥጋ ማቆያ ነበርና፣ ብዙ ቤት በለስላሳው ይበቃው ነበር።

በበርሜሉ የቀረው የታጠበ አመድ ወደ ማሳ ይሄዳል። ፖታሲየሙ አብዛኛው ወጥቶለታል፤ ካልሲየሙና ፎስፈረሱ ግን በውሃ ስለማይሟሙ አሉ፣ ለኮምጣጣ አፈርም ይጠቅማል። ኖራ የዘቀጠበት ነጭ አተላም እንዲሁ ነው፤ ከመበተኑ በፊት ብቻ በደንብ ይታጠብ፣ የቀረበት ብርቱ ውሃ ቡቃያ ያቃጥላል።