ጠመዝማዛ ላይ ያየኋት ካማሮ

የአሜሪካ የድሮ ጉልበተኛ መኪኖች ልቤን ገዝተውት አያውቁም ነበር። ኮፈናቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ብዙ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ከመብረር ሌላ ሙያ የሌላቸው ይመስሉኝ ነበር። ወሎ ውስጥ ደግሞ ቀጥ ያለ መንገድ ከየት ይመጣል? ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ለመድረስ ሐረጎ የሚባለውን ጠመዝማዛ ዳገት መውጣት ግድ ነው። እኛ ጋ መኪና የሚፈተነው እዚያ ነው፣ ያውም ሲወርድ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የድሮ መኪኖች እሽቅድድም ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ላጉና ሴካ የሚባል የውድድር ሜዳ አለ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የድሮ መኪኖች እዚያ ይፋለማሉ። ሜዳው ኮርክስክሩ የሚባል ቦታ አለው፤ መንገዱ ወደ ግራ፣ ወዲያው ወደ ቀኝ እየታጠፈ 18 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል።

ዩቲዩብ ላይ ከመኪና ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ አገኘሁ። የ1969 ሞዴል ሸቭሮሌ ካማሮ ዜድ/28 ናት። አፋፉ ላይ ስትደርስ ከፊቷ ሰማይ እንጂ መንገድ አይታይም። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሳ በጎን ነዳጁን ነካ አደረገው። ሞተሩ ጮኸ፣ ማርሹ ወረደ፣ ኋላዋ ትንሽ ተንሸራቶ ተመለሰ። እጁ መሪው ላይ ለአፍታም ሥራ አልፈታም። እዚያችን ቦታ እየመለስኩ ስንቴ እንዳየኋት!

ለአጎቴም አሳየኋቸው። ኤንትሬ ጭነው ሐረጎን ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስልኩን ጠጋ አድርገው ካዩ በኋላ «ልብ በል፣ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ማርሽ የሚቀይረው በጆሮው ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ታሪኳን ማሳደድ ያዝኩ። ይበልጥ የወደድኩት የሞተሯን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ ትራንስ-አም የሚባል ውድድር ተጀመረ። ሕጉ ከ5 ሊትር በላይ ሞተር አይፈቅድም። ሸቭሮሌ እጁ ላይ 5.4 እና 4.6 ሊትር ሞተሮች ነበሩት። አንዱ አይፈቀድም፣ ሌላው ያንሳል። ታዲያ ምን አደረጉ? የትልቁን ብሎክ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ያሉበትን አካል፣ ወስደው የትንሹን ክራንክ ሻፍት፣ የፒስተኑን ምልልስ የሚወስነውን ዘንግ፣ አስገቡበት። 4.9 ሊትር ወጣላቸው! ሲሊንደሩ ሰፊ፣ የፒስተኑ ምልልስ አጭር ሆነ። እንዲህ ያለ ሞተር ዙር ሲጨምር አይደክምም፤ እንዲያውም የሚነቃው ያኔ ነው። የአንዱን መኪና ዕቃ ለሌላው ሲያገጣጥም የሚውል የኮምቦልቻ መካኒክ ይሄ ሥራ ምን ያህል ብልሃት እንደሆነ ይገባዋል።

በ1967 የተሸጡት ዜድ/28ዎች 602 ብቻ ናቸው። በ1968 ማርክ ዶናሂው፣ በትምህርቱ መሐንዲስ የሆነው ሹፌር፣ በሮጀር ፔንስኬ ቡድን ሰማያዊ ካማሮ ከ13 የትራንስ-አም ውድድር 10ሩን አሸነፈ። ቡድኑ ክብደት ለመቀነስ ቦዲውን አሲድ ውስጥ ነክሮ ቆርቆሮውን እስከ ማሳሳት ደርሷል። ለማሸነፍ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ደስ ይለኛል።

እነዚህ መኪኖች ዛሬ ውድ ናቸው። ሸራ አልብሶ ማስቀመጥ ይቻላል። ላጉና ሴካ የሚመጡት ባለቤቶች ግን ይነዷቸዋል፣ ይጋፋሉ፣ ጭረት ይተርፋቸዋል፣ ጠግነው ደግሞ ይመለሳሉ። መኪና የተሠራበትን ሥራ ሲሠራ ማየት የሚሰጠኝ ደስታ ሌላ ነው።

የፎርድ ሙስታንግ ቦስ 302 ይበልጣል የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። በ1970 የትራንስ-አምን ዋንጫ ፎርድ እንደወሰደ አልክድም። ኮርክስክሩ ላይ ሁለቱ ተከታትለው ሲወርዱ ግን እኔ የካማሮዋ ነኝ።