የመጥረጊያ እንጨት ይዘን ክፍሉን ዞርነው

የመጀመሪያው የፑል ጠረጴዛችን ቤት የገባ ዕለት ልጄ ገና 11 ዓመቷ ነበር። ነጯን ኳስ አነጣጠረች፣ ክንዷን ወደ ኋላ ሳበች፣ የመምቻው እንጨት፣ የስቲኩ፣ የኋላ ጫፍ ከግድግዳው ጋር ቋ ብሎ ተጋጨ። ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "እማዬ፣ ግድግዳው አያስመታኝም" አለችኝ። ይህን አባባሏን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጠረጴዛውን ስመርጥ ቀለሙን አይቻለሁ፣ እግሮቹን አይቻለሁ፣ የኪሶቹን ቆዳ ሳይቀር በእጄ ዳስሻለሁ። ልጄ ቆማ የምትመታበትን ቦታ ግን አላየሁም።

ያ ጠረጴዛ እኛ ዘንድ 14 ወር ቆየ። አሁን ያለን ሁለተኛው ነው። ከመጀመሪያው ያንሳል፣ አርጅቷል፣ ክብደቱም አይጣል ነው። እጅግ እወደዋለሁ። ለቤት ጨዋታ ጠረጴዛ ለመግዛት የሚያስብ ሰው እንደኔ ሁለቴ እንዳይገዛ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ከቦታው ልጀምር። የፑል ጠረጴዛ መጠኑ በጫማ ነው የሚጠራው። 7፣ 8 እና 9 ጫማ አለ። ትልልቅ ውድድር የሚካሄደው በ9 ጫማው ላይ ነው፤ መጫወቻው 254 በ127 ሳንቲ ሜትር ነው። የ8 ጫማው 224 በ112፣ የ7 ጫማው ደግሞ 198 በ99 ግድም ይሆናል። ርዝመቱ ምንጊዜም የስፋቱ እጥፍ ነው። እነዚህ ልኮች ኳስ የምትንከባለልበትን፣ በጠርዙ ዙሪያ ኳሷን ከሚመልሰው ላስቲክ እስከ ላስቲክ ያለውን ብቻ ነው የሚናገሩት። የእንጨቱ ጠርዝ ከዚያ ውጭ ነው።

ጠረጴዛው በበሩ መግባቱና መሬቱ ላይ መቀመጡ ደግሞ ገና ምንም ማለት አይደለም። የተለመደው ስቲክ 147 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ኳሷ ላስቲኩ ላይ ተለጥፋ ከቆመች ያ ሁሉ ርዝመት ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ የመጫወቻውን ልክ ያዙና በአንድ በኩል 147፣ በሌላው በኩል 147 ጨምሩበት። ለ7 ጫማ 3.93 በ4.92 ሜትር ይመጣል። ለ8 ጫማ 4.06 በ5.18። ለ9 ጫማ 4.21 በ5.48። ይህም ቢሆን ስቲኩ የሚቆምበት እንጂ የሚመታበት ቦታ አይደለም። ለመምታት ክንድ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። በየጎኑ አንድ 15 ሳንቲ ሜትር ቢተርፍ ሰው እንደልቡ ይመታል።

የኛ ክፍል 4.20 በ5.20 ነው። 8 ጫማውን ስገዛ "ሰፊ ክፍል ነው" ብዬ ነበር። አሁን ሒሳቡን ሳየው በርዝመቱ በኩል በእያንዳንዱ ጫፍ የተረፈን አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ላይ አንዱ ግድግዳ ላይ 35 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ የሚገባ የመጻሕፍት መደርደሪያ ነበር። ልጄ ስቲኩን ሽቅብ አንስታ ከላይ ወደ ታች መምታት ለመደች። እንዲህ ስትመታ ኳሷ ትዘላለች፣ ጨርቁም ይጎዳል። ከሁሉ የከፋው ግን የተሳሳተ አመታት እየለመደች መሆኗ ነበር።

ለሁለተኛው ጠረጴዛ ስነሳ ታላቅ ወንድሜ፣ እኛ ጋሽዬ የምንለው፣ "ጠረጴዛ ከማየትሽ በፊት መጥረጊያ ያዢ" አለኝ። ዕድሜውን ከእንጨት ጋር የኖረ ሰው ነው። የመጥረጊያውን እንጨት በሜትር ለክቶ 147 ላይ ምልክት አደረገበት። ከዚያ ጋዜጣ እየቀጣጠልን 198 በ99 የሆነ ሜዳ ወለሉ ላይ ለጠፍን። ልጄን ጠራትና እንጨቱን ይዛ ዙሪያውን እየዞረች እንድትመታ አደረጋት። ወገቧን ጎንበስ አድርጋ፣ ክንዷን ስባ፣ ልክ እንደ እውነተኛ ጨዋታ። እንጨቱ በነካበት ቦታ ሁሉ እሱ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ሦስት ምልክት ወጣ፤ መደርደሪያው፣ የመስኮቱ እጀታ እና ወደ ውስጥ የሚከፈተው በር። መደርደሪያው ወደ ኮሪደር ወጣ። የመስኮቱ እጀታ በአጭር ተቀየረ። በሩ ስንጫወት ይዘጋል፣ አለቀ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም።

አጭር ስቲክም አለ፣ 122 ሳንቲ ሜትር የሚሆን። አንድ ጥግ ላይ ምሰሶ ለሚያስቸግረው ሰው መድኃኒት ነው። በአራቱም ጎን በአጭር ስቲክ ለመጫወት አስቦ ትልቅ ጠረጴዛ የሚገዛን ሰው ግን እባክህ ተው እለዋለሁ። 7 ጫማ ላይ በነፃነት መምታት 9 ጫማ ላይ ተጨናንቆ ከመምታት ይሻላል። ኪሶቹ በመቅረባቸውም ልጆችና ጀማሪዎች ቶሎ ቶሎ ያገባሉ፣ ጨዋታው ይጥማቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ከጨርቁ ስር ያለው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ጠረጴዛችን ወለሉ ኤምዲኤፍ የሚባለው የተጨመቀ እንጨት ነበር። ሲገዛ ለጥ ያለ ነበር፣ አልዋሽም። በስምንተኛው ወር ገደማ አንድ ማታ ጨዋታ ጨርሰን ስምንት ቁጥር ኳስ መሃል ላይ ቆማ ነበር። መብራቱን ላጠፋ ስል ማንም ሳይነካት ቀስ ብላ መሄድ ጀመረች። ወደ ግራ ሄደች፣ ከዚያ ትንሽ ታጠፈችና ቆመች። ባለቤቴ በነጋታው ከእግሮቹ ስር ካርቶን እያስገባ አንዱን ጎን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አደረገ። አልተስተካከለም። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባን። እግሩ አይደለም የተዛነፈው፤ ሜዳው ራሱ መሃሉ ላይ ሰርጉዷል። የተጨመቀ እንጨት እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ የራሱም ክብደት ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል። አንዴ ከጎበጠ ካርቶንም ውሃ ልክም አይመልሰው።

ድንጋይ ግን አይጎብጥም። ጥሩ ጠረጴዛ ከጨርቁ ስር ያለው ስሌይት የሚባል ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ጆን ተርስተን የተባለ የለንደን ጠረጴዛ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1826 አካባቢ በድንጋይ መሥራት እስኪጀምር ድረስ አብዛኛው ጠረጴዛ የእንጨት ወለል ነበረው። የዚያን ዘመን ተጫዋቾች ችግር እኔ ቤት ካየሁት ጋር አንድ ነው፤ የሚጎብጥ እንጨት። ከዚያ ወዲህ 200 ዓመት ገደማ ሆኗል፣ ውድድር የሚደረግበት ጠረጴዛ አሁንም ድንጋይ ነው። የቤት ጠረጴዛ ላይ ውፍረቱ ከ19 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

የድንጋዩ ዕዳ ክብደቱ ነው። ሙሉ ጠረጴዛው 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ትልቁማ ከዚያም በላይ ይሄዳል። አንዴ ከተቀመጠ ገፍተህ አታንቀሳቅሰውም። ቤት ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ወይም ክፍሉን ለሌላ ሥራ የሚፈልግ ሰው የሚታጠፍ ቀላል ጠረጴዛ ቢገዛ አልፈርድበትም፤ ምን እንደገዛ ካወቀ ይጫወትበታል። ክፍሉ የማይነካ ከሆነ ግን ያገለገለ ድንጋይ ከአዲስ ኤምዲኤፍ ይበልጣል። እኔ በዚህ አልደራደርም። ጨርቅ ይቀየራል፣ ላስቲክ ይቀየራል፣ ኪስ ይቀየራል። ድንጋዩ ያው ነው።

ሻጭ "ጠንካራ ነው፣ ልዩ ነው" ሲል አትቀበሉት። ስልካችሁን አብርታችሁ ከስሩ ጎንበስ በሉ። ድንጋይ ከሆነ ግራጫ ጠርዙ ይታያል። እጃችሁን ስታስጠጉት ይቀዘቅዛል። እኔ ይህን ያደረግኩት አንድ አዛውንት ቤት ነው፤ ልጆቻቸው አድገው ስለወጡ ጠረጴዛውን ሊሸጡ ፈልገው ነበር። "አባቴ፣ ኳስ ላንከባልል?" ስላቸው፣ "እንደፈለግሽ አንከባልዪ፣ ልጄ፤ ሳታዪማ አትግዢ" አሉኝ። ደስ የሚል ሻጭ ማለት እንዲህ ነው።

ኳሷን በጣም ቀስ አድርጌ ነው የለቀቅኳት። በኃይል የሄደች ኳስ ጠማማውን ትደብቃለች፣ እውነቱ የሚታየው ልትቆም ስትል ነው። ከጥግ ወደ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ ለቀቅኳት፣ ከዚያ በየላስቲኩ ጥግ ጥጉን። አንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ድንጋይ ስለሆነ አላሳሰበኝም፤ ይህ በውሃ ልክ የሚስተካከል ነው። ከዚያ ላስቲኩን ፈተንኩ። ጥሩ ላስቲክ ላይ ጠንከር ብላ የተመታች ኳስ የጠረጴዛውን ርዝመት አራት ጊዜ ያህል ትመላለሳለች። የሳቸው ላይ በሦስተኛው ደከመች። በአንድ በኩል ደግሞ ድምፁ ዱብ የሚል፣ የሞተ ነበር። ላስቲኩ ደርቋል ማለት ነው። ለአዛውንቱ ነገርኳቸው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ፣ ከዋጋው ላይ ቀነሱልኝ። ስድስቱንም ላስቲክ አስቀየርኩ። ቁመቱ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የላስቲኩ አፍንጫ፣ ኳሷን የሚነካው ጫፉ፣ ከኳሷ ቁመት 63.5 በመቶው ላይ ማረፍ አለበት፣ 36 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ካነሰ ኳሷ ትዘላለች፣ ከበለጠ ወደ ታች ይጫናታል።

የተገጠመበት ቀን ለኔ በዓል ነበር ማለት እችላለሁ። ድንጋዩ ሦስት ቁራጭ ነው፣ አንዱን ቁራጭ ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። መጀመሪያ የእንጨቱን ፍሬም በውሃ ልክ አስተካከሉ። ከዚያ መሃለኛውን ድንጋይ አስቀመጡ፣ ቀጥሎ ግራና ቀኙን። ገጣሚው ውሃ ልኩን መጋጠሚያው ላይ ያጋድመዋል፣ አረፋዋን ያያል፣ ቀጭን የእንጨት ሽብልቅ ከድንጋዩ ስር ያስገባል፣ እንደገና ያያል። አንድ መጋጠሚያ ላይ ብቻ 20 ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ የንብ ሰም አቅልጦ ስንጥቁ ውስጥ አፈሰሰ። ሰሙ እስኪረጋ ጠብቆ በስለት ፍቆ ከድንጋዩ ጋር እኩል አደረገው። "በጣትሽ ዳስሺው" አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩት። መጋጠሚያውን ማግኘት አልቻልኩም።

ስለ ገጣሚ አንድ ነገር ልበል። ለጠረጴዛው የወጣው ገንዘብ በመጥፎ ገጣሚ እጅ ይጠፋል። ሳይቸኩል የሚሠራ ሰው ፈልጉ።

ጨርቁ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለስላሳ ፀጉር ያለው ሱፍ ነው፣ ኳስ ዝግ ብላ ትሄድበታለች፣ ዋጋውም ይቀላል። ሁለተኛው ፀጉር አልባ፣ ጥብቅ ሽመና ያለው ነው፣ ፈጣን ነው፣ ዕድሜውም ይረዝማል። እኛ ሁለተኛውን ወሰድን። ቀለሙን ልጄ መረጠች፣ ሰማያዊ።

ኳስ ላይ አትቆጥቡ። ልኩ የታወቀ ነው፤ 57.15 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ከ156 እስከ 170 ግራም ክብደት። ፌኖሊክ ሬዚን ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩት፣ እንደ ቤልጂጉ አራሚት ያሉት፣ ለብዙ ዓመት ክብ ሆነው ይኖራሉ። ርካሾቹ ይላጣሉ፣ ክብደታቸውም አንድ ዓይነት አይሆንም። ስቲክ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አንከባሎ ማየት ነው። ጫፉ ከተንቀጠቀጠ ጠማማ ነው፣ መልሱት። እኛ ሁለት ረጅምና አንድ አጭር አለን፣ ይበቃል።

አሁን የቀረኝ መብራቱ ነው። ክፍሉ መሃል ላይ የተሰቀለ አንድ አምፖል ብቻ አለ። ከእያንዳንዷ ኳስ ጎን ወፍራም ጥላ ያርፋል፣ ጥጎቹ ደግሞ ጨለማ ናቸው። ትናንት ማታ ልጄ ጥግ ላይ ያለችውን ቢጫ ኳስ ልትመታ ጎንበስ ስትል የራሷ ጭንቅላት ጥላ ኳሷን ሸፈናት። ቀና አለች፣ አምፖሉን አየችው፣ ቀጥሎም እኔን አየችኝ። በጠረጴዛው ርዝመት ልክ የሚዘረጋ፣ ብርሃኑን ሙሉ ሜዳው ላይ እኩል የሚያሳርፍ መብራት ነው የሚያስፈልገን። ጋሽዬ ቅዳሜ ይመጣል። መጥረጊያውን እንዳልጥለው አደራ ብሎኛል፣ የመብራቱንም ቦታ በሱ ነው የምንለካው።