ከህዳር በሽታ እስከ ደምቢ ዶሎ ሽማግሌዎች

ህዳር 12 ሲደርስ ቆሻሻ እናቃጥላለን። ጭሱ ሰፈሩን ይሞላዋል፣ ልጆች ያስላሉ፣ ለምን እንደሆነ ግን ብዙም የሚጠይቅ የለም። «ህዳር ሲታጠን» ነው፣ በቃ። ያ የ1918ቱ በሽታ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ) አዲስ አበባን ፈጅቶ ብቻ አላበቃም። ወለጋ ድረስ ሄዷል። ፕሬስቢተሪያን የሚባሉት የደምቢ ዶሎ ፕሮቴስታንቶች ታሪክም የሚጀምረው ከዚሁ በሽታ ነው።

የአካባቢው ገዥ ሐኪም ፍለጋ ወደ ሱዳን ላኩ። ሶባት ወንዝ ዳር፣ ናስር ላይ፣ ቶማስ ላምቢ የሚባል አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ዶክተር ነበር። እሱም በ1919 ድንበር ተሻግሮ ሳዮ ገባ፤ ሳዮ ማለት የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ ናት። ብዙም አልቆየም። ጥቂት ዓመት ሠርቶ ወደ አዲስ አበባ አቀና፣ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል አሠራ፣ የቀረው ታሪኩም ሌላ ቦታ ነው። ታዲያ ይቺ የገጠር ቤተክርስቲያን በተነሳች ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ላምቢ መሆኑ ያናድደኛል።

እኔን የሚገርመኝ ጊዳዳ ሶለን ነው። በአምስት ዓመቱ ፈንጣጣ ዓይኑን አጠፋው። ያኔ ገጠር ውስጥ ማየት የተሳነው ልጅ ዕጣው ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፣ እሱም የኔ ቢጤ ሆኖ እጁን ዘርግቶ ኖረ። ወንጌልን ከሚሲዮኖቹ ሰማ። ቃሉን በጆሮው እየተቀበለ በቃሉ ያዘው፣ እንደ ድሮ የቆሎ ተማሪ። ከዚያ ወጥቶ መስበክ ጀመረ። ትናንት «ስለ እግዚአብሔር» እያለ ደጅ የቆመ ሰው ዛሬ እዚያው ደጅ ላይ ቆሞ ሲያስተምር የቤቱ እመቤት ምን ትል ይሆን?

እዚህ ላይ ስለ ሥርዓቱ ትንሽ ላውራ። ፕሬስቢተሪያን የሚለው ስም የመጣው «ሽማግሌ» ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ጳጳስ የላቸውም። ምዕመናኑ ሽማግሌዎችን ይመርጣሉ፣ ሽማግሌዎቹ ከቄሱ ጋር ተቀምጠው አጥቢያዋን ያስተዳድራሉ፣ ከየአጥቢያው የተወከሉት ደግሞ ፕሬስቢተሪ በሚባለው ጉባኤ ይገናኛሉ። ነገርን በሽማግሌ መጨረስ ለገጠር ሰው ምኑ ይከብደዋል? ኖሮበታል እኮ።

ጣሊያን ሲመጣ ይህ ነገር ተፈተነ። አሜሪካኖቹ ተባረሩ። ገንዘቡም ሐኪሙም አብሮ ሄደ፣ ቤተክርስቲያኗ ትበተናለች ቢባል ማንም አይፈርድም ነበር። ግን ጊዳዳና ማሞ ጮርቃ የሚባል ሌላ አማኝ፣ ከአገሬው ምዕመናን ጋር ሆነው፣ ይዘዋት ቀጠሉ። ኋላ ሁለቱም ቄስ ሆነው ተሾሙ። በ1947 «ቤቴል» በሚል ስም ራሷን ቻለች። በ1974 ደግሞ ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሃደች። ሁለቱም ፕሮቴስታንት ቢሆኑም መካነ ኢየሱስ ሉተራን ናት፣ የማርቲን ሉተርን ትምህርት ትከተላለች፤ ቤቴሎች ደግሞ እንደ ፕሬስቢተሪያኖች ሁሉ የሌላው ተሐድሶ አራማጅ፣ የካልቪን ወገን ናቸው፣ በሌላው ዓለም ሁለቱ አንድ ቤት ሲገቡ ብዙ አይታይም። እኛ ጋ ገቡ፤ የቤቴል ስምም በአንዳንዶቹ ሲኖዶሶች (የቤተክርስቲያኗ የየአካባቢ አስተዳደሮች) ላይ አለ።

ብዙ ሰው የማያያይዘው ነገር ደግሞ አለ። ከ1995 እስከ 2001 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ የእኚሁ ዓይነ ስውር ቄስ ልጅ ናቸው። የኔ ቢጤው ልጅ ቤተ መንግሥት ገባ ማለት ነው፣ በአንድ ትውልድ!

ደምቢ ዶሎ ካለችበት ከቄለም አካባቢ ከሆናችሁና አያታችሁ ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ ከነበሩ ጻፉልኝ። ስለ ላምቢ ግን አይሁን፣ እሱ ይበቃል።