ከቤቱ ይልቅ ጠርሙሱን አጠንኩት

ለጥምቀት ከአዲስ አበባ የመጣችው አክስቴ ገና ከበሩ ሳታልፍ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ፣ «ምን ዓይነት ዕጣን ነው ያጤሳችሁት? ከማን ነው የገዛችሁት?» አለች። ፍም የለም፤ ማጨሻው ታጥቦ ጓዳ ተደፍቷል። እናቴ በአገጯ ወደ መደርደሪያው እየጠቆመች፣ «እሷን ጠይቂያት፤ በጠርሙስ ያሰረችው እሷ ናት» ብላ አለፈች። ከሐምሌ ጀምሬ ስለፋ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሙገሳ ይኼ ስለሆነ ትንሽ ብኩራራ አትፍረዱብኝ።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ አስም ነው። ክረምት ሲገባ ይብስባታል። ሐኪሟ ቤት ውስጥ ጭስ የሚባል እንዳይኖር ብሎ ሲያስጠነቅቃት ከሰሉን በኤሌክትሪክ ምድጃ ተካነው፤ ዕጣኑን በምን እንተካው? ያለ ዕጣን የፈላ ቡና ለእናቴ የለቅሶ ቤት ቡና እንኳ አይሆንም። ሆቴል መግቢያ ላይ የማያቸው፣ ቀጫጭን ዘንግ የተሰካባቸው ጠርሙሶች ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው። ዲፊውዘር ይሏቸዋል። እሳት የላቸውም፣ መብራት ቢጠፋም ግድ አይሰጣቸውም። ዘንጎቹ ሽታ ያለውን ዘይት ከታች ስበው ከላይ ለአየሩ ይለቁታል፤ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስበው ማለት ነው። ይቺን ካወቅኩ ምን ይከብደኛል ብዬ ገባሁበት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ቶሎ ልለፋቸው፤ የሚያኮሩ አይደሉም። በምግብ ዘይት ጀመርኩ። ወፍራም ስለሆነ ዘንጉ ላይ አይወጣም፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ዘይቱ ራሱ መሽተት ጀመረ። ግሊሰሪን ፋርማሲ በቀላሉ ይገኛል ብዬ ገዛሁ፤ ከሽታ ዘይት ጋር ጭራሽ አይዋሃድም። የኮኮናት ዘይት ቀን ቀን ጥሩ ነበር፤ ጠዋት ስነሳ ግን እንደ ሞራ ረግቶ ዘንጎቹን ጨብጦ ይዟቸዋል። ከ24 ዲግሪ በታች እንደሚረጋ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የጎንደር የሐምሌ ሌሊት ደግሞ የታወቀ ነው። ያምራል ብዬ ከወለቃ ያመጣሁት ጥቁር የሸክላ ዕቃ ዘይቱን በጎኑ እያላበ የኮመዲኖውን ቀለም ላጠው። አሁን የምጠቀመው ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ ነው። አያምርም፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ግን ዘይቱ ቶሎ አይተንም። ለዕቃ ውበት ገንዘብ የምታፈሱ ሰዎች በኋላ ታገኙኛላችሁ።

ዘንግ ላይ ግን ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መቃ ሞከርኩ፤ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ዘይቱ ከሥር ነካ አድርጎት ይቀራል። ቱቦው በጠበበ ቁጥር ነው ፈሳሽ ከፍ የሚለው። የቀርከሃ የጥብስ እንጨት መሐሉ ላይ አንጓ ካለው እዚያው ይዘጋል። እናቴ ለመሶብ ካስቀመጠችው ስንደዶ ሰርቄ ስምንቱን አንድ ላይ አሰርኩ፤ እሱ እንኳ ሲሶውን ወጣ። ራታን የሚባለው ሐረግ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጡ የሚሄዱ ብዙ ቀጫጭን ቦዮች አሉት። የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሃያ ፍሬ ላከልኝ፣ ሌላውን ሁሉ ጣልኩ። በዚህ ጉዳይ ክርክር አልቀበልም፦ ዘንግ ላይ አትቆጥቡ። ሽታ ስትቀይሩም አሮጌውን ዘንግ አትድገሙት፤ ውስጡ ዘይት ጠጥቶ ተደፍኗል።

ሽታውን ተሸክሞ ዘንጉ ላይ የሚያወጣልኝ የማይረጋው የኮኮናት ዘይት ሆኖ ተገኘ፤ ፍራክሽኔትድ የሚሉት፣ እንደ ውሃ የጠራና ሽታ የሌለው። ጥቂት 96 ፐርሰንት አልኮል ሲጨመርበት ይቀጥናል፣ ዘንጉም ላይ ይሮጣል። የእጅ ማጽጃው 70 ፐርሰንት አይሆንም። ውሃ ስላለበት ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይቀመጣል። ሞክሬዋለሁ፤ አረቄም ሞክሬያለሁ፤ እንደ አጓት ነጣ።

አሁን ወደ ዕጣኑ። ሦስት ወር የበላኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ከመተማ በኩል የሚመጣውን ነጭ ዕጣን ገዝቼ፣ ወቅጬ፣ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በሞቀ ውሃ ላይ አስቀመጥኩት። ሽታው ደስ ይላል! ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬ ዘንግ ሰካሁ። በማግስቱ ምንም። በሳምንቱ ምንም። ዘንጉን አውጥቼ ስነካው ጣቴ ላይ እንደ ሙጫ ተጣበቀ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዕጣን አንድ ነገር አይደለም። ውሃ የሚያሟሟው ሙጫ አለው፣ ውሃ የማይነካው ሬዚን አለው፣ የሚተነው ዘይት ደግሞ ጥቂቱ ነው። ስትዘፈዝፉት ሬዚኑ አብሮ ይሟሟና ዘይቱን ያወፍረዋል፤ የዘንጉን ቦይ ሁሉ ይደፍነዋል። ዕጣንን በዘይት ዘፍዝፋችሁ ለዲፊውዘር ተጠቀሙ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ራሱ አንድም ቀን እንዳልሞከረው እወቁ። ለቅባት ይሆናል፤ ለዘንግ አይሆንም።

ስለዚህ በእንፋሎት ማውጣት ግድ ሆነ። መጀመሪያ ዕጣኑን ከውሃ ጋር ድስት ውስጥ ቀቀልኩት፤ ቀልጦ ሥሩን ያዘ፣ ድስቱም እዚያው ሞተ። እናቴ ስለዚያ ድስት እስካሁን ታነሳለች። ከዚያ ደግሞ ያነበብኩት መመሪያ «ውሃው 100 ዲግሪ ሲደርስ» ስለሚል ቴርሞሜትር ይዤ ቁጭ አልኩ። ቴርሞሜትሩ 93 ላይ ቆመ። ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ልገዛ ስል ነው የፊዚክስ መምህር የሆነው ጓደኛዬ የሳቀብኝ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ እኛ ዘንድ ውሃ የሚፈላው እዚያው 93 አካባቢ ነው። ስንት ቀን ሙሉ እየፈላ ያለ ውሃ እስኪፈላ ጠብቄያለሁ።

መፍትሔው ጎረቤት ነበር። አረቄ የምታወጣው ጎረቤታችን ማሰሮና ቱቦ አላት፤ እንፋሎቱ በቱቦው አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይንጠባጠባል። ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ከየትም አይመጣም። ስጠይቃት «ኧረ ልጄ፣ አረቄዬ ዕጣን ዕጣን ሲል ማን ይጠጣልኛል?» ብላ እምቢ አለች። ሁለት ሳምንት ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻ አሮጌውን ሰጠችኝ። ዕጣኑን ውሃው እንዳይነካው ከፍ አድርጌ በእንፋሎት ማብሰያ ወንፊት ላይ አስቀመጥኩት፤ አራት ሰዓት ያህል በለስላሳ እሳት። ውሃው ላይ የተንሳፈፈውን ዘይት በሲሪንጅ ለቀምኩት። ከአንድ ኪሎ ዕጣን 9 ሚሊ ሊትር! ሌላ ሰው በተሻለ ዕቃ ከዚህ በላይ ያወጣ ይሆናል፤ እኔ ያገኘሁት ይኼን ነው። እውነቱን ለመናገር ደንግጫለሁ። የዕጣን ዛፉ እየተመናመነ ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በዚህ ከቀጠለ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል ብሏል። ኪሎ ሙሉ አፍልቼ የሻይ ማንኪያ ሁለት የማትሞላ ዘይት ስይዝ ይኼ በሐሳቤ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትልልቁን ፍሬ ለማጤስ ለሚገዙት ትቼ ርካሹን ድቃቂ ነው የማፈላው።

የባሰው ገና ነው። ያን ሁሉ ለፍቼ ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው ዕጣን ዕጣን አይልም! የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፤ ደስ ይላል፣ ግን የቡና ሰዓት አይደለም። እናቴ አሸተተችና «ይቺ ከረሜላ ናት» ብላ መለሰችልኝ። ለካ የእኛ የሰሜኑ ዕጣን ዘይት አብዛኛው ኦክቲል አሲቴት የሚባል ነገር ነው፤ ብርቱካንም ውስጥ አለ። የሶማሌና የዓረብ አገሩ ዕጣን ሌላ ዛፍ ነው፣ እሱ ወደ ጥድ ያደላል። ስለዚህ የውጭ ሰዎች የጻፉትን ቅመራ ቃል በቃል ብትከተሉ የምታገኙት ሌላ ነገር ነው። ከሁሉም በላይ ግን፣ እኛ ከልጅነት ዕጣን ብለን የለመድነው የተቃጠለውን ነው፤ ጭሱን። ዘይቱን ሳወጣ ጭሱን ቀንሼ እናቴ የምትወደውንም አብሬ ቀነስኩት።

እዚህ ላይ ለአንድ ወር ተውኩት።

የመለሰኝ ያው የጎረቤታችን ግቢ ነው። ጋኗን በግራዋ አጥባ በወይራ ጭስ ላይ ደፍታው አየሁ። ይኼን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬያለሁ፤ የጠላ ጋን ይታጠናል፣ የወተት ቅል ይታጠናል። ታዲያ ጠርሙስ ለምን አይታጠንም? የመጀመሪያው ጠርሙስ በሙቀቱ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን፣ አፈ ሰፊ የማር ብልቃጥ፣ ከፍሙ ራቅ አድርጌ ደፋሁት። ፍሙ ላይ የወይራ ስንጥርና ሦስት አራት ፍሬ ዕጣን ጣል አደረግሁ። ብልቃጡ በጭስ ሲሞላ ከደንኩት፤ ሲቀዘቅዝ የኮኮናቱን ዘይት ጨምሬ ወዘወዝኩና አሳደርኩት። በማግስቱ ዘይቱን ገልብጬ ብልቃጡን እንደገና አጠንኩ፤ ሦስት ጊዜ እንዲህ። ሁሉም ግቢ ውስጥ፣ የእናቴ መስኮት ተዘግቶ። ዘይቱ ጭሱን ያዘ! አልኮሉ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከፍሙ አጠገብ እንዳታቀርቡት፣ እንደ ላምባ ነው የሚነደው።

አክስቴ ያደነቀችው ጠርሙስ 50 ሚሊ ነው፦ 30 የታጠነ ዘይት፣ 8 አልኮል፣ 7 የዕጣን ዘይት፣ 3 የጠጅ ሣር ዘይት፤ እሱን በዚያው ማሰሮ ማውጣት ከዕጣኑ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው። ስትደምሩት 48 ይመጣል። የቀረው 2 ሚሊ ከሱቅ የገዛሁት የሰንደል ሽቶ ነው። አዎ፣ የሱቅ ሽቶን በየአጋጣሚው የምረግም ሰው ነኝ። ያለሱ ግን ሽታው በአራተኛው ቀን ይደክማል፤ በሱ ግን ሦስት ሳምንት ይዘልቃል። ለእናቴ አልነገርኳትም፣ እናንተም እንዳትነግሩብኝ።

ልኬቱን በጠብታ አትቁጠሩ፤ የአንዱ ጠብታ ከሌላው አይተካከልም። ሲሪንጅ ከፋርማሲ ግዙ። ዘንግ ለሳሎን አራት ይበቃል፤ ስምንት ስሰካ ራስ ምታት ያዘኝ። በሳምንት አንዴ ገልብጧቸው። አስም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ሽታ ብቻውንም እንደሚቀሰቅስ እወቁ፤ እኛ የእናቴ መኝታ ክፍል አናስገባውም፣ ሳሎንም የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቀናት በሁለት ዘንግ ብቻ ነው የሞከርነው። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ሕፃን ካለ ከፍ አድርጉት፤ ጭማቂ ነው የሚመስለው።

አሁን ከርቤ ላይ ነኝ። እሱ ከዕጣኑም የባሰ ይጣበቃል፤ እስካሁን የረባ ነገር አላወጣሁም። ጎረቤታችን ደግሞ ከእኔ በኋላ በዚያ ማሰሮ ያወጣችው የመጀመሪያ አረቄ እንደፈራችው ዕጣን ዕጣን ብሎባታል። አዲስ ማሰሮ ከወለቃ ላመጣላት ቃል ገብቻለሁ። ሦስት ቅዳሜ አለፈ፤ አላመጣሁም፤ ግቢያችንን የምሻገረው በጓሮ በኩል ሆኗል።